ለውሻ የተቀቀለ ንፍሮ

ውሻዬ ከሞተች ወራት አልፈዋል። አሁንም ከሚኒባስ ስወርድ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። ሌላው ሰው ሲወርድ ፊት ለፊቱን ያያል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እግሬ ሥር የምትሽከረከር ነገር እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅሁ ስለወረድሁ ዓይኔ ለምዶበታል። መሬቱ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤት ድረስ ያለው መንገድ በጣም ይረዝምብኛል።

የምኖረው ዘንዘልማ ነው፤ እርሻው እያለቀ ቤት በሚሠራበት በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቼ። የመጣሁት ከአንበሳሜ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ። ሥራዬ ጣና ዳር ዓሣ ማጽዳት ነው። ጀልባዎቹ ሲገቡ ቀረሶውንና አምባዛውን እንረከባለን፣ የቀረሶውን ቅርፊት እንፍቃለን፣ አንጀቱን እናወጣለን፣ ሥጋውን ከአጥንቱ እንለያለን። ሰባት ሴቶች ነን። ስድስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሉ። እኔ ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል። የምለው አጥቼ አይደለም፤ በሆዴ ሳሰናዳው ወሬው አልፎ ሌላ ቦታ ይደርሳል።

ውሻዋን ያገኘኋት ከቤታችን በላይ ያለውን ጅምር ቤት ከሚጠብቁት ሽማግሌ ዘንድ ነው። ውሻቸው አምስት ወልዳ አራቱን ሰው ወሰደ። አምስተኛዋን የፈለጋት የለም፤ በጣም ትንሽ ነበረች። "ይቺ ሌባ አትይዝም፤ ሌባው ነው እሷን የሚይዛት" አሉኝ። የዓሣው ሽታ ይሆናል፣ ባለፍሁ ቁጥር ትከተለኛለች። አንድ ቀን ሳልመልሳት ቀረሁ። ከዚያም በኋላ ብዙ አላደገችም። ቡላ ነበረች፤ አንዱ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የታጠፈ።

አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ውሻ አይወዱም ነበር። "ጠበል ያለበት ግቢ ነው። በር ላይ ትተኛ፤ ከደፉ ካለፈች አንቺም እሷም ትወጣላችሁ" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። እሺ አልኋቸው። የክፍሌ በር ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍሁላት። ሕጉን እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቀው ነበር። በሩን ከፍቼ ስቀመጥ የፊት እግሮቿን ብቻ ደፉ ላይ ታደርግና ሌላውን ሰውነቷን ውጭ ትታ ትተኛለች። የአከራዬ ኮቴ ሲሰማ እግሮቿን ትሰበስባለች። አልፈው ሲሄዱ ትመልሳቸዋለች።

ስም አላወጣሁላትም። ስም ያለው ውሻ ይጠራል፤ እኔ ደግሞ ሰው እየሰማ ጮክ ብዬ መጥራት አፍራለሁ። "አንቺ" እላታለሁ፣ ትመጣለች።

ማታ ማታ አስፋልቱ ዳር ትጠብቀኝ ነበር። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ሁሉ እግር ታሸታለች። የፈሩ ሴቶች ይጮሁባታል፣ የቸኮለ ሰው በጫማው ይገፋታል፣ እሷ ወደሚቀጥለው እግር ትሄዳለች። አንድ ሹፌር ለምዷት ገና ሳይቆም "የዓሣዋ ልጅ፣ ዘመድሽ መጥታለች" ይለኝ ነበር። ሰዉ ሲስቅ አንገቴን እደፋለሁ። ግን ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ከተማ እኔን ብሎ መንገድ ዳር የቆመ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ክረምቱ ሲወጣ መብላት አቆመች። ሦስተኛው ቀን ውኃም እምቢ አለች። ከሥራ ቀርቼ በዘንቢል ይዣት እንስሳት ክሊኒክ ሄድሁ። ገበሬዎች በሬና ጥጃ ይዘው ተሰልፈው ነበር። መጨረሻ ላይ ቆምሁ።

"በግ ናት?" አለኝ ከፊቴ ያለው፣ ወደ ዘንቢሉ ጎንበስ ብሎ።

የዘንቢሉን አፍ ገለጥ አደረግሁለት። ጆሮዋን አየና ወደ ሌሎቹ ዞረ። "ኧረ ውሻ ናት። ውሻ አዝላ መጥታ ነው ወረፋ የያዘችው።"

"እኔ ሚስቴን እንኳ በእግሯ ነው ያመጣኋት" አለ አንዱ።

"እዚህ ነው ያመጣሃት?" አለው ሌላው፣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። በሬው ግን አልሳቀም። አንገቱን ዘርግቶ ዘንቢሉን አሸተተና ተወው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አልሳቀብኝም። ስሟን ጠየቀኝ። የላትም አልሁት። "ጮክ በይ፣ አይሰማም።" ደግሜ የላትም አልሁ። ካርዱ ላይ "ውሻ፣ ሴት" ብሎ ጻፈ። መርፌ ወጋትና ዛሬን ካደረች ትድናለች አለኝ።

አደረች። ጠዋት በሩን ስከፍት እግሮቿ ደፉ ላይ ነበሩ፣ ግን አልተነሳችም።

በእኛ ዘንድ የሞተ ውሻ በገመድ ተጎትቶ ቦይ ውስጥ ይጣላል። እኔ ይህን ማድረግ አልቻልሁም። አከራዬን ዶማ ለመንሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ በሩ ላይ አይተዋት ነበር። "አጥልቂው፣ ጅብ እንዳያወጣት" ብቻ አሉኝ። ገና ቤት ያልተሠራበት ማሳ ጫፍ ላይ ቆፍሬ ከነከረጢቷ ቀበርኋት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ለሥራ ለበስሁ። ነጠላዬን ሳነሳ እጄ ራሱ ጥለቱን ወደ አንገቴ አዞረው። አዘቀዘቅሁት ማለት ነው፣ ሐዘን እንዳለበት ሰው። አውቄዋለሁ። በትንሿ መስታወት አይቼው አላቃናሁትም። ለእሷ አንድ ነገር እንዲደረግላት ፈልጌ ነበር፣ ከዚያ በላይ አላሰብሁም።

ሥራ ቦታ ስደርስ ስድስቱም ዝም አሉ። ማን ሞተብሽ ብሎ መንገድ ላይ የሚጠይቅ የለም፤ ሐዘንተኛ ቤቱ ሳይቀመጥ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። የሁላችንም ታላቅ የሆኑት ሴት ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱ።

"የትናንቱ መቅረትሽም ለዚህ ነው" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ። "ቤትሽ ግቢ ልጄ። ሥራ ስንጨርስ እንደርሳለን።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እትዬ፣ ሰው አይደለም ማለት ብቻ ነበር። ቃሉን ሳሰናዳ እሳቸው ወደ ዓሣው ተመልሰዋል፣ እኔም ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ስድስቱም መጡ። ንፍሮ በሳፋ ይዘው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከበሩ ጀምሮ እያለቀሱ። አከራዬ ከቤታቸው ወጥተው አዩዋቸው፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። የሞተችው ማን እንደሆነች ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ገብተው አግዳሚ ወንበር አመጡና በረንዳው ላይ ዘረጉላቸው፤ እሳቸውም ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው የራሱን ነው። ታላቃችን ባላቸውን ጠርተው አለቀሱ። አንዷ ባልደረባችን ምላሷ ስለት ነው፣ ዓሣ ነጋዴዎቹ ሁሉ ይፈሯታል። እሷ ደረቷን እየመታች አባቷን አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፣ የምሬን። ማንም እንደ እነሱ ሆኖ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። እንዳይጠይቁኝ ብቻ እጸልይ ነበር።

እንባው ሲበርድ ታላቃችን እጄን ያዙኝ።

"እናትሽ ናቸው?"

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይደሉም ብዬ። እናቴ አንበሳሜ በጤናዋ አለች።

"ወንድምሽ ነው?"

አይደለም።

"እንግዲያ ማን ነው? ተናገሪ ልጄ፣ ሆዳችንን አታስጨንቂው።"

የአጎቴ ልጅ ልል ነበር። አጎት የለኝም፣ ስለዚህ ሟርቱ ማንንም አያገኝም ብዬ አሰብሁ። ግን እንዲህ ካልሁ በእሷ ቦታ የሌለ ሰው ተለቅሶለት ሊቀር ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከነገ ጀምሮ እነዚህን ሴቶች ምን ብዬ አያቸዋለሁ? አከራዬን አየኋቸው። እሳቸው መሬቱን ያያሉ።

"ውሻዬ ናት" አልሁ።

"ምን አለች?" አለች ባለስለቷ።

"ውሻዋ ናት" አሉ አከራዬ። "ዛሬ ጠዋት ቀበረቻት።"

ባለስለቷ ብድግ አለች። "ለውሻ ነው? ሁለት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ደረቴን ስደቃ የዋልሁት ለውሻ ነው? አባቴን በቀበርሁ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀስሁም!"

"ዛሬ አልቅሰሽላቸዋል፣ ምን አለበት" አለች ከጎኗ ያለችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ብታደርግም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለች። እኔ መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ። ባለስለቷ ነጠላዋን አቃንታ ወደ በሩ ሄደች።

"ተቀመጭ አንቺ" አሉ ታላቃችን። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ለለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ ወደ ቤት አይመለስም። ብሉ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ አታለሽናል። ልጅ ሆነሽ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ። በይ አሁን ንገሪን። ለቅሶ ተቀምጦ ስለ ሟች ሳይሰማ አይኬድም። ምን ትመስል ነበር?"

ሁሉም ያዩኝ ነበር። ዓይኔን እጄ ላይ ተክዬ ጀመርሁ። ዝናብ ሲዘንብ ባልዲ ውስጥ እንደምትገባ፣ ከዚያ መውጣት አቅቷት እንደምትጮህ ነገርኋቸው። የአከራዬን ዶሮ እንደምትፈራ። አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ይዣት ብሄድ፣ ከመንቆራቸው ሥር ከረጢት የሚንጠለጠልባቸውን ነጫጭ ወፎች ስታይ ቀሚሴ ሥር ገብታ እንዳላስኬደችኝ። ማታ እጄን ስትልስ ያቺ ሻካራ ምላሷ ከዓሣው ቅርፊት የተረፈውን እየለቀመች እንደምታነሳልኝ።

"ዶሮዋ ነክሳት ታውቃለች፣ እውነቷን ነው" አሉ አከራዬ። "አንድ ጊዜ ስትሸሽ እቤቴ ገባች። እኔም አላየሁ አልሁ።"

ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

ባለስለቷ በሩ ላይ ቆማ ንፍሮ ትቆረጥም ነበር። ስትወጣ ጉንጬን ቆነጠጠችኝና "እግዜር ያጥናሽ፣ ቀጣፊ" አለችኝ። ሌሎቹም ተራ በተራ ያጥናሽ አሉኝ።

አሁን ሥራ ላይ ያስወሩኛል። "እስቲ ያችን ሟች አምጫት" ትላለች ባለስለቷ፣ ቅርፊት እየፋቀች። መጀመሪያ ለእኔ አዝነው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ለምደውታል። እኔም እነግራቸዋለሁ። ግን ሁለት ዓመት ብቻ የኖረች ትንሽ ውሻ ወሬዋ ብዙ አይደለም። የማስታውሰውን ሁሉ ነግሬ ጨርሻለሁ። አንዳንድ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ያልነገርሁት ነገር ካለ እፈልጋለሁ፣ አንድ ቀን ያደረገችው፣ የረሳሁት። አላገኝም። ከሞተችበት ቀን ይልቅ ይህ የሚከፋኝ ጊዜ አለ።

ትናንት የባልዲውን ጀመርሁላቸው።

"እሱንማ ሰምተነዋል" አሉኝ።

አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው።