ናፍታው ተዘግቶም ያልቆመው ሞተር

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ በመሐል ሜዳ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ መካኒክ አልነበረም። ለዚህ ምስክር ቁጠር ብባል ከራሴ ሌላ የምጠራው የለኝም። ሥራዬ ብሎን በናፍታ ማጠብና መፍቻ ማቀበል ነበር። ክፍል ውስጥ ከሽታዬ የተነሣ አጠገቤ የሚቀመጥ ሲጠፋ፣ ልጆቹ አክብረውኝ ቦታ የለቀቁልኝ ይመስለኝ ነበር።

እውነተኛው መካኒክ ጋሼ ግዛው ናቸው፤ የቀድሞው ጦር ሲበተን በእግራቸው አገራቸው የገቡ፣ እኛ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሃምሳ አለቃ። ያው ጦር ትቶት የሄደ አንድ ኦራል የጭነት መኪና ትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ጎማው ተንፍሶ፣ ዶሮ ሰፍሮበት ቆሞ ነበር። ጋሼ ግዛው ከሞቱ መኪናዎች ዕቃ እየፈቱ፣ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ማሸጊያ እየቀደዱ ሁለት ወር ለፉበት። ጥድፊያው ያለ ነገር አልነበረም። የግሼ ወረዳን ገብስ በረዶ መትቶት ገበሬው የሚዘራው አጥቷል፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ ጀምሯል። ለእነሱ የተሰበሰበው ዘር ቶሎ ግሼ፣ ራቤል ከተማ ካልደረሰ እርጥበቱ ያልፋል፤ ያን ጭቃ የሚወጣ ሌላ መኪና ደግሞ አልነበረም።

የመነሻው ዕለት የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያው የሚቆመውም እዚያው አጥሩ አጠገብ ነው። ብርዱ ዘይቱን አርግቶት ስለነበር ማለዳ ከሞተሩ ሥር የኩበት ፍም አደረግን። የኩበቱ ጭስና የናፍታው ሽታ ተቀላቅሎ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጋሼ ግዛው ጎማ እየነፉ፣ “የአየር ማጣሪያው ሳህን ውስጥ ዘይት ጨምር፤ መስመሩ ላይ ስትደርስ አቁም” አሉኝ። ሞተሩ የሚስበው አየር አቧራውን እዚያ ዘይት ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። መስመሩ ግን የሳህኑ ወገብ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ። ጣሳ አጉድዬ ካቀረብሁ ጠጪው ሳይናገር እናቴ ነበረች የምትቆጣኝ፤ አረፋው በአፉ ካልፈሰሰ ቀዳሁ ማለት አልችልም። ያን ሁሉ ዘር የሚሸከም መኪና በጎደለ ሳህን መሸኘት ነውር መሰለኝ። እስከ አፉ ሞላሁት፤ የፈሰሰውንም በእጅጌዬ ጠረግሁት።

ሞተሩ ሲነሣ ሴቶቹ እልል አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር በጥቁር በርኖሳቸው ተጀቡነው ከፊት ቆመዋል። ወዲያው ድምፁ ማንም ሳይነካው ከፍ ከፍ ይል ጀመር። ጋሼ ግዛው መሪው ላይ እንደተቀመጡ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው አነሡ፤ አልሰማም። ናፍታውን ዘጉ፤ ባሰበት። ከአየሩ ጋር ስቦ በናፍታ ፋንታ የሚጠጣው እኔ አትርፌ የቀዳሁለትን ዘይት ነበራ። ነጭ ጭስ ገበያውን ሸፈነው፤ በጎች ተበተኑ፤ ኮፈኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማርሽ አስገብተው እንዳያንቁት ከፊት ሰው አለ። እንዲህ የሆነ ሞተር ካልታፈነ ፈንድቶ ብረቱን እንደሚረጭ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። “ሽሹ!” ብለው ዘለው ወረዱ፤ እሳቸው ግን አልሸሹም። በርኖሱን ከሊቀመንበሩ ትከሻ ላይ መንጭቀው ተንጠላጠሉና የአየር መሳቢያውን አፍ በሱፉ ደፈኑት። ሞተሩ በርኖሱን ወደ ውስጥ ሳበው፣ እንደ ሰው ሳለና ቀጥ አለ። እኔ ታላቁ መካኒክ በዚህ ጊዜ ከአንዲት ጨው ሻጭ ባልቴት ጀርባ ተለጥፌ ነበር።

“አወቅሁህ ሃምሳ አለቃ” አሉ ሊቀመንበሩ። “ዘሩ እንዳይሄድ ሆን ብለህ ነው።”

“ሆን ብዬ ቢሆን በርኖስዎን ምን አስነጠቀኝ? ዝም ብዬ አየው ነበር።”

“ምላስህን ጣቢያ ስትደርስ ትሰነዝረዋለህ። ያዙት!”

ሁለት ታጣቂዎች ክንዳቸውን ያዟቸው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ በዚያ ዓመት የቀድሞ ወታደር በእንዲህ ያለ ነገር ከተወሰደ መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ አልነበረም። ጋሼ ግዛው ዘወር ሲሉ ዓይናቸው በዘይት የራሰው እጅጌዬ ላይ አረፈ። ገባቸው። ዓይናቸውን ከእጅጌዬ ላይ አንሥተው ከታጣቂዎቹ ጋር መራመድ ጀመሩ።

ሦስት እርምጃ ሄዱ፤ ቆጥሬያለሁ። “እኔ ነኝ” ያልሁት በጀግና ድምፅ ይመስለኛል፤ ባልቴቷ ግን እስኪሞቱ ድረስ የታነቀ ዶሮ ነበር የሚመስለው ሲሉ ኖረዋል።

“አንተ ምን?” አሉ ሊቀመንበሩ።

“ዘይቱን የሞላሁት። እንዳይጎድልበት ብዬ ነው።”

“የጠላ ሻጯ ልጅ አይደለም እንዴ” አሉ ባልቴቷ። “መስመር የት ያውቃል?”

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ገበያው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ሳህኑንም እጅጌዬንም አገላብጠው አዩና፣ “ለእኔስ እንዲህ ሞልተህ ቀድተህልኝ አታውቅም” አሉ። ታጣቂዎቹ እጃቸውን አነሡ። ጋሼ ግዛው ጆሮዬን ይዘው ወደ ሞተሩ ወሰዱኝ። “ቀንስ” አሉ፣ መስመሩን በጣታቸው እየነኩ። ዘይቱን ጠራርገው፣ ፈትሸው አስነሡት፤ ከቀትር በኋላ ኦራሉ ዘሩን ይዞ ወደ ራቤል ወጣ።

አሁን ጋራዥ ስገባ ጎረምሳው አንድ ሽቦ ይሰካል፤ መኪናው የራሱን ጥፋት በመስታወት ላይ ጽፎ ያሳየዋል። ማንም የማንንም ፊት አያይም። ጋሼ ግዛው ይህን ሳያዩ አረፉ፤ ቢያዩ ሳይገረሙ አይቀሩም ነበር። ያኔ ብረት አይናገርም፤ አፉን የሚከፍት ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔም ይሄ ሁሉ ሽበት እስኪወጣብኝ ብዙ አጥፍቻለሁ፤ በሦስት እርምጃ ውስጥ ያመንሁት ግን የዚያን ቀኑን ብቻ ነው።