አከራዬ፣ ቆጣሪው እና ኮምፒውተሬ

«ወይ ዕቃህ ይወጣል፣ ወይ አንተ ትወጣለህ!»

ዛሬ ጠዋት አከራዬ እትዬ ጥሩዬ ቆጣሪው ፊት ቆመው እንዲህ አሉኝ። ግቢው በሙሉ የሚጠቀመው በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነው። ትናንት የገዛሁትን ኮምፒውተር ሳበራ ቆጣሪው እንደ ወፍጮ ይዞራል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልቦለዴን የምጨርስበት ሌላ ክፍል የለኝም። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

«ስንት ዋት ነው የሚበላው?» አልኩት ሻጩን።

«ዋት የሚጠየቀው አምፖል ሲገዛ ነው ጋሼ! ይኼ እኮ ያልተፈጠረ ጌም ሁሉ ያጫውታል።»

የሰውዬው ዕውቀት ካርቶን ከመክፈት አያልፍም። እኔ ፊደል ልለቅም፣ እሱ ጦርነት ይሸጥልኛል። (የስክሪኑን ላስቲክ እንዳልልጠውም መክሮኛል።)

ጥግ ላይ አቧራ የለበሰች ትንሽ ላፕቶፕ አየሁ። ቻርጀሯ ላይ ዋቷ ተጽፏል፤ የአንድ አምፖል ያህል ነው።

«እሷማ የተማሪ ናት» ብሎ ሳቀብኝ። በእሷ ለወጥኩ።

አሁን እትዬ ጥሩዬ ቆጣሪው ፊት ናቸው።

«አበራኸው?»

«አብርቻለሁ፣ እትዬ። እየጻፍኩ ነው።»

«ውሸት! ታዲያ ይኼ ለምን አይሮጥም? አሞኝተው የሞተ ዕቃ ሸጡልህ፣ ልጄ!»

እናንተስ፣ አከራያችሁ ቆጣሪ ፊት የሚቆሙት የትኛውን ዕቃችሁን ስታበሩ ነው?