እትዬ በላይነሽ ያሠሩት ፎቶ

ዘመነች ጦር ኃይሎች አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። የምትኖረው በጉርድ ፎቶና በልደት ፎቶ ነው፤ ልቧ ግን ጥቁርና ነጭ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ እትዬ በላይነሽ አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ።

"ለለቅሶዬ የሚሆን ፎቶ አንሺኝ" አሏት። "ልጆቼ ያን ጊዜ ተደናግጠው የመታወቂያዬን ፎቶ አሳድገው እንዳያቆሙብኝ። ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ቀለም ያለው ለሠርግ ነው።"

"ኧረ እትዬ፣ ለቅሶን ምን አመጣው?"

"ይመጣ የለም እንዴ? ይልቅ አንሺኝ።"

አነሳቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ግሩም ነበር። በፎቶ ቤቱ ባለቀለም ፕሪንተር አትማ ስትሰጣቸው ግን እትዬ በሩ ጋ ሄደው በፀሐይ አዩት።

"ምነው ፊቴ ወይን ጠጅ ሆነ? የተመታሁ አስመሰልሽኝ እኮ!"

ዘመነች ሳቀች፤ እትዬ ግን እውነታቸውን ነው። ፕሪንተሩ ግራጫውን የሚያወጣው ሌሎች ቀለሞችን ቀላቅሎ ስለሆነ፣ አምፖል ሥር ደህና የመሰለው ፊት ውጭ ሲወጣ ይለወጣል። በጥቁር ቀለም ብቻ ሞከረችው። ወይን ጠጁ ጠፋ፤ ጉንጫቸው ላይ ግን አሸዋ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ወጣ። መሀል ከተማ ላለ ትልቅ ፎቶ ቤት ልካ አሳጠበችው። ለስላሳ ሆኖ ቢመጣም ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ ጥላው ትንሽ ይቅለል ብትልም የሚሰማት አላገኘች።

ሳንሱሲ የሚኖረው የሙያ ጓደኛዋ ለሊሳ ከጥቁሩ ሌላ ሁለት ዓይነት ግራጫ ቀለም የሚወስድ ፕሪንተር ነበረው፤ ሊሸጠው ፈልጓል። ሄዳ በማያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት አተሙት። ዘመነች ፎቶውን ይዛ ግቢ ወጣች፤ ተመልሳም አምፖል ሥር አየችው። ግራጫው ያው ግራጫ ነው። የነጠላው ነጭ እንኳ ከወረቀቱ ነጭ ተለይቶ ይታያል።

"ሳልነግርሽ እንዳትወስጂው" አላት ለሊሳ። "ሥራ ከፈታ ቀለሙ ደርቆ ይደፈናል። ቀለሙም እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን አለብሽ።"

ታክሲ ውስጥ ስታስብበት ሄደች። ጥቁርና ነጭ የሚያሠራ ደንበኛ ብዙ የላትም። ባለቀለሙ ፕሪንተር ለእንጀራዋ ይበቃታል። ሆኖም ፎቶ አንስታ መጨረሻውን ለሌላ ሰው መተው ሁልጊዜ ቅር ይላት ነበር። ሰፈሯ ሳትደርስ ለለሊሳ ደውላ "እወስደዋለሁ" አለችው።

እትዬ በላይነሽ አዲሱንም ፎቶ በሩ ጋ ወስደው በፀሐይ አዩት። "አርጅቻለሁ" አሉ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። "ግን እኔ ነኝ።"

በሌላ ጊዜ ዘመነች ልትጠይቃቸው ብትሄድ ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

"ለለቅሶ ነው አላሉም ነበር?"

"ያን ቀንማ እኔ አላየውም!" አሉ። "አሁን እየኖርኩ ልየው እንጂ።"

ዘመነች የራሷን እናት አሰበች። ስልኳ ውስጥ የእናቷ ፎቶ አለ፤ እናቷ በሕይወት ሳሉ ያነሳችው፣ ነገ አትመዋለሁ እያለች የተወችው። ፎቶ ቤቷ ስትመለስ ፕሪንተሩን ከፈተችና ወፍራሙን ወረቀት አስገባች።