ባሌ ያላያት ኤሊ

ባሌ አምሳ ዓመት ሲሞላው ልጃችን ለልደቱ የሰጠችው የዳይቪንግ ትምህርት ነበር። ከባሕር በዚህ ሁሉ ርቀት፣ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የአየር ታንክ አዝሎ መጥለቅ! እኔም እሱም ሳቅን። "ዳድ፣ ጀስት ትራይ ኢት" አለችው።

ሞከረና ፍቅር ያዘው። ታክሲውን ሲነዳ ውሎ ይመጣና፣ ሶፋ ላይ አፍንጫ የሚሸፍነውን የመጥለቂያ ማስኩን አጥልቆ በአፉ ብቻ እየተነፈሰ ዜና ያያል።

"ሰው መጥቶ ቢያይህስ?" ስለው፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው "ልምምድ ላይ ነኝ" ይለኛል።

ጠላቂ ደግሞ ብቻውን አይወርድም፤ ጥንድ ያስፈልገዋል። ማንን ይለምን? እኔን ለመነ። ዋና እንኳ የማላውቅ ሴት ከሀ ጀምሬ ተማርኩለት።

የጠላቂነት ፈቃዱን ካገኘን በኋላ ከዴንቨር ወደ ባሕር ዳርቻዋ አገር ወደ ቤሊዝ በረርን፤ ከዚያ በጀልባ። መሬት ከዓይናችን ከጠፋ በኋላም ገና ነበር። የምንሄደው አቶል ወደሚሉት ቦታ ነው፤ ክፍት ባሕር መሃል ቀለበት ሠርቶ ያደገ ድንጋይ መሰል ኮራል፣ በውስጡ እንደ ሐይቅ የረጋ ውሃ የያዘ። እኔ መንገዱን ሙሉ ሳስታውክ፣ እሱ ጀርባዬን እያሻሸ "ደረስን፣ ደረስን" እያለ ሲዋሸኝ ቆየ።

ውሃው ውስጥ ስገባ ማቅለሽለሹ ለቀቀኝ። አስጎብኚያችንን ተከትለን ቀስ እያልን ወረድን። ኮራሉ እንደ ጎመን ማሳ ተዘርግቷል፤ ዓሣዎቹ ገበያ እንደቆመላቸው ይተራመሳሉ። ከጠርዙ ማዶ ገደሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይወርዳል። ከገደሉ ሥር አንዲት የባሕር ኤሊ ብቅ አለች፤ ቸኩላ እንደማታውቅ ወይዘሮ ቀስ ብላ በአጠገቤ አለፈች። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ወደ ባሌ ዞሬ አውራ ጣቴን ቀሰርኩለት።

ዓይኖቹ ፈጠጡ። ክንዴን ጨምድዶ ይዞ ለአስጎብኚው ምልክት ሰጠ፤ ሦስታችንም ቀስ እያልን ወደ ላይ ጉዞ ጀመርን። ወደ ኤሊዋ ለማመልከት ብወራጭ ይብሱን አጥብቆ ያዘኝ።

ብቅ እንዳልን መተንፈሻውን ከአፉ አወጣ። "ምን ሆንሽ? አየር አጠረሽ? ደረትሽን ነው?"

"ኧረ ምንም አልሆንኩ! ኤሊዋን አላየሃትም?"

"ታዲያ እንውጣ ያልሽው ለምንድን ነው?"

"እኔ? መቼ?"

አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ውሃ ውስጥ አውራ ጣት "ግሩም ነው" ሳይሆን "ወደ ላይ እንውጣ" ማለት ነው። አስተማሪያችን ስንቴ ነግሮናል! አስጎብኚው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ባሌ ግን አሁንም የታንኬን የአየር መለኪያ ደጋግሞ ያይ ነበር።

"አላየኋትም" አለኝ። "አንቺን ነበር የማየው።"

አርፈን ከሰዓት እንደገና ወረድን። ኤሊዋ አልመጣችም፤ እሱም እጄን አልለቀቀኝም።

ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር ለጤና አደገኛ ስለሆነ፣ በነጋታው አንድ ሙሉ ቀን ያረፍንባት ትንሽ ደሴት ላይ መቆየት ነበረብን። አብሮ መዋል ለእኛ ብርቅ ነው፤ እቤት እሱ ሲገባ እኔ ለሌሊት ሥራ ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ እወጣለሁ፤ ቁልፍ የምንቀባበለው በር ላይ ነው።

"ዛሬ ምን እንሥራ?" አልኩት።

"ምንም" አለና ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ወዲያው አንኮራፋ። ፀሐይዋ ዞራ ፊቱ ላይ ስታርፍ፣ ብንቀሳቀስ እንዳልቀሰቅሰው ፈራሁና በባርኔጣዬ እየጋረድኩለት ባሕሩን ሳይ ቆየሁ።