የተቀላቀሉ ቀለሆች

ለንደን ውስጥ ስትሪትሃም ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት አዛውንት ኤርትራዊ እንደ እኔው የተኩስ ክለብ አባል ነበሩ። ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድ እየሞላሁ የሁለታችንንም ጥይት የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ተኩሳቸው ኢላማው ላይ ከላይም ከታችም ተበታተነባቸው።

“ምን ሆኜ ነው?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ዓይንዎን ቼክ ያስደርጉ። ዕድሜም አለ” አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጠመንጃቸውን ወልውለው ሄዱ።

ቤት ገብቼ የተኮሱባቸውን ቀለሆች ሳገላብጥ ግን ክው አልኩ። ለራሴ የአንድ ፋብሪካ ቀለህ ብቻ መርጬ፣ ለእሳቸው ከየቦታው የለቃቀምኩትን ቀላቅዬ ነበር የሞላሁት። የአንዱ ግድግዳ ወፍራም፣ የሌላው ስስ ነው። ባሩዱ እኩል ቢሆንም ውስጣቸው እኩል ስላልሆነ፣ አረሩ አንዴ በፍጥነት አንዴ በዝግታ እየወጣ ከኢላማው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ያኔውኑ ደውዬ መናገር ሲገባኝ፣ አፍሬ ሁለት ወር ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠመንጃውን ሸጠውታል፤ ፈቃዱንም መልሰዋል።

“የዓይን ሐኪሙ ምንም እንዳልሆንኩ ነግሮኝ ነበር” አሉ ወንበር እየሳቡልኝ። “እኔ ግን ያመንኩት አንተን ነው።”

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።