ጋዜጣ ላይ የወጣው ስሜ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስምህን አልጽፍም ብሎ ምሎልኝ፣ ስሜን ጋዜጣ ላይ አወጣው። በዚያ ምክንያት ከአገሬ ተሰደድኩ። በሃያ ዓመቴ የጥንድ በሬ ጌታ የነበርኩ ሰው ባሕር ዳር ወርጄ የግንበኛ ጭቃ አቡኪ ሆንኩ። ነገሩ ይህ ነው። የቀረውን ቀስ ብዬ አወራዋለሁ።

ያስነሳብኝ የልጅ ልጄ ነገር ነው። ትዕግሥት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ለበዓል ስትመጣ ቤቱ በደስታ ሞላ። እናቷ ዶሮ ሠርታ ሁላችንም ማዕድ ከበን ሳለን፣ “የምን ትምህርት ደረሰሽ?” አልኳት።

“ጋዜጠኝነት ነው አባባ፤ ራሴ መርጬ።”

የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩ። ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ተከትላኝ መጥታ፣ “ምነው አባባ፣ ደስ አላለዎትም እንዴ?” አለችኝ። ሆዴን ቆረጠኝ አልኳት። ዋሸኋት። በዚህ ዕድሜዬ አሁንም መዋሸት ይቀናኛል። ለእሷ አፍ አውጥቼ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የተወለድኩት ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ሰፈር ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሦስት ዓመት ከተማሩ በኋላ፣ አንድ ዓመት ገጠር ወርደው እንዲያስተምሩ ይላኩ ነበር። ለእኛ የደረሰን ሰሎሞን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የለበሰ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አርብ ገበያ ያስተምርና እሑድ እሑድ በእግሩ እየመጣ ከሰው ጋር ይጫወታል። ደብተር ከእጁ አይለይም። በዕድሜ እኩያዬ ስለነበር እኔን ወደደኝ፤ እኔም ወደድኩት። ይህን መካድ አልችልም።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት እህቴ እታለም ቤት ጠላ ጠጣን። ትኩስ የገብስ ቆሎ ከኑግ ጋር አቅርባልን፣ “አንተ ልጅ፣ ምን ትማራለህ?” አለችው።

“ጋዜጠኝነት። ወሬ አጣርቶ መጻፍ።”

“ወሬ? ወሬ ለመማር ሦስት ዓመት?” እህቴ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። “ወደ እኛ ብትመጣ ኖሮ ከሴቶቹ ጋር በአንድ የውኃ መንገድ ትጨርሰው ነበር!”

ሰሎሞን ራሱ ሳቀና ይህንኑ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔም ልተርበው ብዬ፣ “ምኑን ነው የምታጣራው?” አልኩት።

“ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። ያን እጠይቃለሁ።”

“ይኼማ የጭቃ ሹሙ ጥያቄ ነው።”

“ጭቃ ሹሙ ግን ‘አንተ ይህን እንዴት አወቅህ?’ ብሎ አይጠይቅም” አለኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት ግምት የለም።

በዚያ ዓመት የጥምቀት ማግስት የባላምባራሱ የገብስ ክምር ተቃጠለ። ባላምባራሱ የአካባቢያችን ባለርስት ናቸው፤ ክምራቸው ደግሞ ከደብሩ ጉልላት እኩል የሚታይ ነበር። እሳቱን ማን እንደለቀቀው የሚያውቅ ስለጠፋ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ልንገረው። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይሄድም። ያየ ወይም የሰማ ሰው ለተመረጠው ሽማግሌ በጆሮው ይነግራል። ሽማግሌው ተነስቶ “ወፍ ነግራኛለች” ይላል፤ የተናጋሪው ስም ግን አይነሳም። የጥንት ሰዎች እንዲህ ያደረጉት ምስክር ከበቀል እንዲድን ነው። ለውሸታምም እንደሚያገለግል ያሰቡበት አይመስለኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከወይራዎቹ ሥር ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቀን በጨዋታ አለፈ። በሁለተኛው ቀን በሶው አለቀ፤ ሰው እርስ በርሱ ይነጫነጭ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጧት ውርጩ ሳይነሳ፣ በስማዳ በኩል ደመና ብቅ አለ። በጥር ዝናብ! ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ደመናውን ያያል። እኔ የዓመት ገብሴን አውድማ ላይ በትኜ፣ ግማሹን ወቅቼ ግማሹን ሳልወቃ ነበር የተጠራሁት። ካገኘው መበስበሱ ነው።

በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ያለው አንድ ስም ነው፤ ዋሴ። ዋሴ ከእኔ በዐሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ዝምተኛ፣ ጎበዝ አራሽ ነው። ከባላምባራሱ ጋር በወሰን ሲካሰስ ከርሟል። ሁሉም ወደ እሱ ያያል፤ የሚናገር ግን የለም። እኔ ክምሩ የተቃጠለ ዕለት ማታ፣ ከብት ሲገባ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው በክምሩ በታች ሲያልፍ አይቻለሁ። ያየሁት ይህንን ብቻ ነው። ጋቢ።

ደመናው እየጠቆረ መጣ። ተነስቼ ሽማግሌው አያ ጥሩነህ ዘንድ ሄድኩ። ጆሯቸውን ሰጡኝ።

“አያ ጥሩነህ፣ ዋሴ ነው።”

“አይተኸዋል?”

“አይቻለሁ።”

“ትምላለህ?”

“እምላለሁ።”

ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ከእኔ በኋላ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ለይምሰል አያ ጥሩነህ ጆሮ ላይ አንሾካሾኩ፤ ደንቡ እንዲህ ነው፣ የቱ እንደተናገረ እንዳይለይ። ከዚያ አያ ጥሩነህ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። “ወፍ ነግራኛለች። ዋሴ ነው ብላለች።”

ዋሴ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሳ። “ወፏን አምጡልኝ! የቷ ወፍ ናት? ዓይኗን ልየው!”

“ወፍ ደግሞ መቼ ተይዛ ታውቃለች?” አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሦስት ቀን የታፈነውን ሳቅ ለቀቀው። እኔም ሳቅሁ።

ዋሴ ሁለቱን በሬዎቹን ለባላምባራሱ እንዲያስረክብ ተፈረደ። እኔ ፀሐይ ሳትገባ አውድማዬ ላይ ደረስኩ። ዝናቡ ጥቂት አንጠባጥቦ አለፈ። ገብሴ ተረፈ። በማግስቱ ወቅቼ አስገባሁ። ያን ዓመት የበላሁት እንጀራ እንዴት ያለ ነጭ እንደነበር አሁንም ትዝ ይለኛል፤ እንደ መርዝ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሰሎሞን አውጫጭኙን ከዳር ሆኖ ሲያይ ነበርና ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። አንድ እሑድ ወደ አርብ ገበያ ስሸኘው፣ “ያችን ወፍ ባገኛት!” አለኝ። ጠላ ቀማምሻለሁ። ደግሞም ይህ የተማረ ልጅ ትልቅ ሰው አድርጎ እንዲያየኝ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

“ብነግርህ ትደብቃለህ? ስሟን አትጽፍም?”

“እናቴ ትሙት፣ አልጽፍም።”

“ወፏ እኔ ነኝ።”

ቀጥ ብሎ ቆመ። “ዋሴን ራስህ አይተኸዋል?”

“በዓይኔ በብረቱ።”

“የት ቆመህ?”

“ከምንጩ በላይ፣ ከሾላዋ ሥር።”

“ስንት ሰዓት ላይ?”

“ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከብት ሲገባ።”

ጻፈው። እስከ ገበያው ድረስ ብዙ አልተነፈሰም። ዝምታው አድናቆት መሰለኝ። ከሳምንት በኋላ እህቴ፣ “ያ የወሬ ተማሪ አመመው እንዴ? ትናንት ምሽት ላይ ብቻውን ከሾላዋ ሥር እንደ ማስፈራሪያ ተገትሮ አየሁት” ስትለኝ እንኳ አልነቃሁም።

ግንቦት ላይ፣ ሰሎሞን ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ፣ እታለም አርብ ገበያ ወርዳ ስኳር ልትገዛ ባለሱቁ ዘንድ ቆማለች። ባለሱቁ በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀልላል። ከጎኗ የቆመ አንድ ዲያቆን ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ “የእኛ አገር ነገር ተጽፏል!” ብሎ ጮኾ ማንበብ ይጀምራል። “አውጫጭኝ ላይ ወፍ ሆኖ የመሰከረው ፈንታሁን” ሲል እህቴ ከእጁ ነጠቀችው። ስኳሩን እዚያው ጥላ፣ ወረቀቱን ጉያዋ ውስጥ ከትታ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሮጣ መጣች።

“ወረቀቱን ከወሰድኩት ወሬውም የሚቀር መስሎኝ” አለችኝ እያለከለከች። “የዋሴ ወንድሞች ገበያ ውስጥ ነበሩ። ዛሬውኑ ሂድ ወንድምዓለም።”

ቆሎ ቋጠረችልኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ፊደል አልለይ፣ ምን እንዳለ አላውቅ። በዋናው መንገድ ብሄድ እንዳልያዝ በስማዳ አድርጌ ወደ እስቴ ልሻገር አሰብኩ። መንገዱ በዋሴ ማሳ በኩል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ርሷል፤ በዙሪያው ሁሉ ሰው ጠምዶ ያርሳል። ዋሴ ግን ሚስቱን ከጎኑ አድርጎ በመቆፈሪያ ይቆፍራል። ወሬው ገና አልደረሰውም። ቀና ብሎ አየኝ።

“ፈንቴ! በቀትር ወዴት ነው?”

“እስቴ። ሥራ ፍለጋ።”

“እግዜር ይከተልህ ወንድሜ።” ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ።

ሦስት ቀን ሄጄ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ገባሁ፤ ከዚያም በጭነት መኪና ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር። በመንገዱ ሁሉ የምሰድበው ሰሎሞንን ነው። በእናቱ ምሎ የሸጠኝ እሱ ነው እያልኩ። ባሕር ዳር ጭቃ ሳቦካ ውዬ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ትምህርት ቤት ገብቼ ሀ ሁ አልኩ። ሰው ለመማር ብዙ ምክንያት ያወራል። እኔ የተማርኩት በንዴት ነው። በምን ቃል እንደሸጠኝ ራሴ ላነብ ፈለግሁ፤ ስሜ ያለበትን ወረቀት ለሌላ ሰው ሰጥቼ አንብብልኝ ማለት አፈርኩ።

ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። አንድ እሑድ፣ በእጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰውን ወረቀት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ “አውጫጭኝ ላይ ወፍ ሆኖ የመሰከረው ፈንታሁን፣ ዋሴን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎኛል። እኔም አየሁበት ባለኝ ቦታ፣ አየሁበት ባለኝ ሰዓት ሦስት ምሽት ቆሜ ተመልክቻለሁ። ከዚያ ቦታ ሰው መሆኑ እንጂ ማን መሆኑ አይለይም። ተከሳሹ ወፏን አምጡልኝ ብሎ ለምኖ ነበር። ማንም ስላላመጣለት እኔ አምጥቻታለሁ።”

ደጋግሜ አነበብኩት። ገና ፊደል የለየሁ ስለሆንኩ አንዱን ቃል በሌላ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር። ልክ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ጸጸት ነው ብል እውነት አይሆንም። እየሳቀ ጠላችንን የጠጣ ልጅ፣ ለካ ቃሌን አልፎ ሾላ ሥር ቆሞ ይመዝነኝ ነበር! ጸጸቱ የመጣው ቀስ ብሎ፣ ጭቃ ሳቦካ ነው። ዶማውን ባነሳሁ ቁጥር የዋሴ መቆፈሪያ ይታየኛል። ስሜ ከመጻፉ በፊት እሱ በሬዎቹን አጥቷል። ያሳጣሁት እኔ ነኝ፤ ጋዜጣው አይደለም።

ይህን አውቄ ወዲያው ተመለስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተመለስኩም። ሁለት ዓመት ከዚያ በላይ ዝም ብዬ ኖርኩ። ፈራሁ። ሲብስብኝ ለእህቴ በራሴ እጅ ደብዳቤ ጻፍኩና ሽማግሌ ላኪልኝ አልኳት።

ዕርቁን እሺ ብሎ ኖሮ፣ አገሬ ስገባ ዋሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠበቀኝ። ጠጉሩ ያለጊዜው ሸብቷል። አያ ጥሩነህም በሕይወት ነበሩ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ አንድ በሬ ይስጥህ አሉት።

“በሬውንማ ይስጠኝ እንጂ! የበላው በሬ አይደለም እንዴ?” አለ ዋሴ። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። “አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ሰዉ ሲስቅብኝ አንተም ስቀሃል?”

ልዋሽ እችል ነበር። “ስቄያለሁ” አልኩት።

በእጁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አመለከተ። “እንግዲያው ቅዳሴ ሲወጣ፣ በዚያው ሁሉ ሰው ፊት ተናገር። ያን ዕለት በጆሮ ነበር ያልከው። ዛሬ በጉሮሮህ በለው።”

ሕዝቡ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆምኩ። “እኔ ፈንታሁን፣ ዋሴን አላየሁትም። ያየሁት ጋቢ ነው። ገብሴ እንዳይበሰብስብኝ ብዬ ነው።”

“አልሰማንም!” አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። ሰምቷል፤ እንድደግመው ነው። ደገምኩት። ዋሴ መጥቶ ክንዴን ያዘና ከደረጃው አወረደኝ። አልሳመኝም። “በቃ” ብቻ አለኝ።

ሰሎሞንን ዳግም አላየሁትም፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ዛሬ ደጄ ቢመጣ እጁን የምጨብጠው አይመስለኝም፤ በእናቱ ምሎ ቃሉን በልቷል። ቃሉን ቢጠብቅልኝ ኖሮ ደግሞ ዋሴ የክምር አቃጣይ እንደተባለ ይቀር ነበር፤ እኔም የተከበርኩ ገበሬ ሆኜ፣ ውሸቴን እንደያዝኩ ደብራችን እቀበር ነበር። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ አንዱ ሌላውን አልሻረልኝም። የልጅ ልጄ ይህን ስታነብ በማን ልትፈርድ እንደምትችል ሳስብ፣ ከሰሎሞን ጋር ትቆማለች ብዬ እፈራለሁ። ብትቆምም አልቀየማትም። እኔን የሚያሳርፈኝ ሌላ ነገር የለም፤ ያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዋሴ ጋር ነገሩ ያለቀው ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው።