የሞተሩ ጉንፋን

መካኒኩን «ፉጨት» ያሰኘው የፋብሪካው ትልቅ ሞተር ነው። ሞተሩ የሚነሳው በታመቀ አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲለቀቅ ፉጨቱ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሚስቱም ያንን ሰምታ ምሳ ታቀርብ ነበር። አሁን ግን የወለደች ልጃቸውን ልታርስ ሩቅ አገር ከሄደች ሦስት ወሯ ነው።

የአየር ጋኑ የሚበቃው ለሁለት ሙከራ ብቻ ነው። ዛሬ ደወለላትና፣ የሞተሩ ጩኸት ፉጨቱን እንዳይውጠው ነዳጁን ዘግቶ አየሩን ለቀቀ።

«ምነው እምቢ አለ?» አለቃው ጮኸ።

«ጉንፋን ይዞታል!»

ሚስቱ በስልኩ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሳላስበው ድስት ላወርድ ተነሳሁ እኮ።»

«ነይልኝ እንግዲህ።»

«ሕፃኑ ዳዴ ይበልና።»

ነዳጁን ከፍቶ በቀረችው አየር ሞተሩን አስነሳ።

«ዓይንህን ምን አቀላው?» አለው አለቃው።

«ጉንፋኑ ተጋባብኝ።»